ደራ አዳም ኼል፤ ስለ አንዲት የአፍሪዲ ነገድ የበር ከተማ ታሪክና ሥርዐት

በፓኪስታን ሰሜን ምዕራብ ወሰን፣ ከፔሻዋር ወደ ኮሃት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከፔሻዋር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደራ አዳም ኼል የምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ ትገኛለች። «ደራ» ማለት በፋርስ ቋንቋ በተራሮች መካከል ያለ ሸለቆ ወይም በር ሲሆን፣ «ኼል» ደግሞ ፓሽቱኖች ከአንድ አባት የወረደውን ጎሣ የሚጠሩበት ቃል ነው። አዳም የተባለውም የሰው ልጅ ሁሉ አባት አይደለም፤ የአፍሪዲ ነገድ ከሚቈጥራቸው አባቶች አንዱ ነው። ስለዚህ የከተማዪቱ ስም «የአዳም ልጆች በር» ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደራ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የታወቀችው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በጠመንጃ ሥራ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በአውራ መንገዷ ግራና ቀኝ የተሰለፉት ጠባብ ሱቆች ጠመንጃና ሽጉጥ ሲሠሩና ሲሸጡ ኖረዋል። በዚያ ያለፉ መንገደኞች የጻፉት ሁሉ አንድ ዐይነት መልክ አለው፤ መሣሪያ የሚፈትሽ ሰው ወደ ሰማይ የሚተኩሰውን ተኩስ፣ እንደ እስክሪብቶ ተደርጎ የተሠራውን ሽጉጥ ያነሣሉ፤ ከዚያም «የፓሽቱን ሰው በባሕርዩ ጠመንጃ ወዳድ ነው» ብለው ነገሩን ይደመድማሉ። ይህ አባባል ለጉዞ ማስታወሻ ይበቃ እንደ ሆነ እንጂ ለጥናት አይበቃም። በኻይበር ያሉት አፍሪዲዎች፣ በዋዚሪስታን ያሉትም ማሕሱዶችና ዋዚሮች ጠመንጃን ከአዳም ኼሎች አሳንሰው የሚወዱ አይደሉም። ምክንያቱ ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ የሥራ ከተማ በየሸለቆው በተገኘ ነበር። ስለዚህ መልሱን ከሰዎቹ ባሕርይ ይልቅ ከበሩና በሩን ከያዘው ሕዝብ ሥርዐት መፈለግ ይሻላል።

ፓሽቱኖች የነገዳቸውን ሐረግ ቃይስ አብዱር ራሺድ ከሚባል አንድ አባት ይጀምራሉ፤ እርሱም በነቢዩ መሐመድ ዘመን እስልምናን የተቀበለ ነው ይባላል። ይህ ትውፊት በጽሑፍ ተሰናድቶ የቀረበው ኒዓማቱላህ የተባለው ጸሓፊ በሞጎሉ ንጉሥ በጃሃንጊር ዘመን፣ በ1613 አካባቢ፣ በፋርስ ቋንቋ ባዘጋጀው የአፍጋኖች ታሪክ ውስጥ ነው። በዚህ ሐረግ ላይ አፍሪዲ፣ ኦራክዛይ፣ ኻታክ፣ ዋዚርና ማሕሱድ የተባሉት የተራራ ነገዶች ካርላኒ ከሚባለው ክፍል ይመደባሉ፤ የካርላኒም አባት ወድቆ የተገኘና በማደጎ ያደገ ሕፃን ነበር ተብሎ ይተረካል። ይህ የማደጎ ተረት ሊናቅ አይገባውም። የዘር ሐረግ ጸሓፊዎች ከግንዱ ሊያወርዱት ያልቻሉትን ሕዝብ ወደ ቤተ ሰቡ የሚያስገቡበት መንገድ ማደጎ ነውና፣ የተራራው ሰዎች በቋንቋና በልማድ ፓሽቱን ቢሆኑም በሜዳ ካሉት ወገኖቻቸው የተለየ ሥር እንዳላቸው በዚያን ጊዜም ሳይታወቅ እንዳልቀረ ያመለክታል።

ሄሮዶቱስ በሦስተኛው መጽሐፉ ለፋርስ ንጉሥ ከሚገብሩት ሕዝቦች መካከል «አፓሪታይ» የሚላቸውን ከአፍሪዲ ጋራ አንድ ያደረጉ ሊቃውንት አሉ፤ በ1958 የፓሽቱኖችን ታሪክ ያሳተመው ኦላፍ ካሮም ይህን አሳብ ተቀብሏል። አፍሪዲዎች ራሳቸውን በፓሽቶ «አፕሪዲ» ብለው መጥራታቸው አሳቡን ያጠነክረዋል። ይሁን እንጂ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ከ2,000 ዓመት በላይ የሆነውን ክፍተት ይሞላል ማለት አስቸጋሪ ነው።

የአፍሪዲ ነገድ ስምንት ዋና ዋና ጎሣዎች አሉት፤ እነርሱም ኩኪ ኼል፣ ማሊክ ዲን ኼል፣ ቃምባር ኼል፣ ካማር ኼል፣ ዛካ ኼል፣ አካ ኼል፣ ሲፓህና አዳም ኼል ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በጋውን ቲራህ በሚባለው ደጋ ይቀመጡና ክረምቱ ሲበረታ ወደ ኻይበርና ወደ ፔሻዋር ሜዳ ዳርቻ ከብታቸውን ይዘው ይወርዱ ነበር። አዳም ኼሎች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። የእነርሱ አገር በፔሻዋርና በኮሃት መካከል የተጋረደው ዝቅ ያለና ደረቅ ተራራ ስለ ሆነ ዓመቱን ሙሉ በዚያው ይኖራሉ። እርሻው ጥቂት ነው፤ ዝናቡም አይታመንም። ያላቸው ሀብት ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ ነው። አዳም ኼሎች ራሳቸው ጋላይ፣ ሐሰን ኼል፣ ጀዋኪና አሹ ኼል ተብለው ይከፈላሉ፤ በከተማዪቱ ዙሪያ ያሉት መንደሮችም ዛርጉን ኼል፣ አኾርዋል፣ ሸራኪ፣ ቦስቲ ኼልና ቶር ጫፐር በየጎሣቸው ስም ይጠራሉ።

አክባር አሕመድ የተባለው ፓኪስታናዊ የኅብረተ ሰብ ተመራማሪ በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ የፓሽቱንን ሕዝብ በሁለት ወገን ከፍሎ ተመልክቶታል። አንደኛው «ናንግ» ማለት በክብር የሚተዳደር፣ ሁለተኛው «ቃላንግ» ማለት ግብርና ኪራይ የሚያውቅ ነው። በመስኖ በሚለማው ሜዳ ባላባትና ጭሰኛ አለ፤ በተራራው ግን መሬቱ ግብር ሊያወጣ ስለማይችል ሰው ሁሉ በማዕርግ እኩል ነው። ይህ አከፋፈል ብዙ ነገር ያብራራል፤ ለደራ ግን ሙሉ በሙሉ አይስማማም። አዳም ኼሎች በሥርዐታቸው የናንግ ሰዎች ቢሆኑም በኑሯቸው ከመንገድ ቀረጥ ይበሉ ነበርና፣ ግብር የማይከፍሉ ግብር ተቀባዮች ነበሩ ማለት ይቻላል።

በዚህ በር ይተላለፍ ከነበረው ዕቃ ዋነኛው ጨው ነበር። ከኮሃት በስተ ደቡብ ባሉት በባሃዱር ኼል፣ በጃታና በካራክ የሚቈፈረው ጨው በበሬና በግመል ተጭኖ ወደ ፔሻዋርና ከዚያም ወዲያ ይሄድ ነበር፤ አዳም ኼሎች ራሳቸውም በጨው ጫኝነት የታወቁ ነበሩ። የሞጎል ነገሥታት ይህን የተራራ አገር በሹመት እንጂ በጦር ይዘውት አያውቁም። በ1672 አፍሪዲዎች በአይማል ኻንና በዳርያ ኻን መሪነት ተነሥተው የካቡልን አገረ ገዥ የሙሐመድ አሚን ኻንን ጦር በኻይበር ደመሰሱ፤ ከዚያ በኋላ አውራንግዜብ ራሱ ወደ ወሰኑ መምጣት ግድ ሆነበት፤ ነገሩንም ያበረደው ከሰይፉ ይልቅ በየጎሣው ባከፋፈለው ገንዘብ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ይህንኑ ልማድ ወርሰዋል።

እንግሊዞች ፑንጃብን በ1849 ሲይዙ የበሩን ጉዳይ ከሲኮች ተረከቡ። ለአዳም ኼሎች መንገዱን እንዲጠብቁ ዓመታዊ ገንዘብ ሊሰጡ ተስማሙ፤ ነገር ግን ወዲያው ሁለት ነገር አደረጉ፤ በጨው ላይ የነበረውን ቀረጥ ከፍ አደረጉ፤ በበሩም ውስጥ ለጦር የሚሆን መንገድ መሥራት ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 1850 አፍሪዲዎች በመንገዱ ሥራ ላይ የነበሩትን ወታደሮች በሌሊት አጥቅተው ገደሉ። በሕንድ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበረው ሰር ቻርልስ ኔፒር ራሱ በተገኘበት፣ በሰር ኮሊን ካምቤል የሚመራ ጦር በሩን አልፎ አኾርን፣ ዛርጉን ኼልንና ቦስቲ ኼልን አቃጠለ። ጦሩ ኮሃት ደርሶ ሲመለስ በሩ እንደ ነበረ ከኋላው ተዘጋ። ከብዙ ድርድር በኋላ ገንዘቡ እንደገና መከፈል ጀመረ፤ በ1853ም አዳም ኼሎች በሩን ሲዘጉ ከኮሃት በኩል ያሉት ባንጋሾች የተራራውን አናት ይዘው ስለ ነበር እነርሱም የክፍያው ተካፋይ ሆኑ።

ይህ «ሙዋጂብ» የሚባል ዓመታዊ ክፍያ እንዴት ይከፋፈል እንደ ነበር ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የነገዱ ሥርዐት ከሁሉ ይልቅ ተገልጦ የሚታይበት ቦታ ነውና። ገንዘቡ የሚሰጠው ለአንድ አለቃ አልነበረም፤ አለቃ የሚባል ሰው አልነበረምና። ለጎሣው ተሰጥቶ፣ ከጎሣው ወደ ንኡስ ጎሣው፣ ከዚያም ወደ ቤተ ሰቡ በአባቶች ቊጥር እየተከፋፈለ ይወርድ ነበር። አንድ አባት ሦስት ወንዶች ልጆች ኖረውት አንደኛው አሥር፣ ሌላው መቶ የልጅ ልጅ ቢያፈራም፣ የሦስቱ ቤት ድርሻ ሁልጊዜ እኩል ነው። በወሰኑ ነገዶች ዘንድ ይህ የአያት ድርሻ «ኒካት» ይባላል። ኒካት ትርፍን ብቻ አይደለም የሚያከፋፍለው፤ መንግሥት መቀጮ ሲጥል፣ ነገዱ ለዘመቻ ሰው ሲያወጣም በዚሁ ስፍር ነው። ስለዚህ በእነዚህ ነገዶች ዘንድ የዘር ሐረግን በቃል መያዝ የክፍያ መዝገብን የመያዝ ያህል ነው። ሐረጉን ያበላሸ ድርሻውን ያበላሻል። የዘር ቈጠራን እንደ ጥንት ተረት ብቻ የሚያዩ ሰዎች ይህን ሳያስተውሉት ያልፋሉ።

ኒካት በተነካ ጊዜ የሚከተለው ነገር በ1877 ታየ። መንግሥት የጀዋኪ ጎሣ ከኮሃት በር የሚያገኘውን ገንዘብ አስቀርቶ፣ በምትኩ ወደ ኩሻልጋር የሚወስደውን መንገድና የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲጠብቅ አዲስ ክፍያ ሊሰጠው አሰበ። በገንዘቡ በኩል ጉዳቱ ትልቅ አልነበረም ይባላል፤ ነገር ግን ከበሩ ድርሻ መውጣት ከአዳም ልጆች ቊጥር እንደ መውጣት ነበር። ጀዋኪዎች ሽቦውን ቈረጡ፤ መንደሮችንም ወረሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለት ጦር፣ አንዱ ከኮሃት በኬይስ፣ ሌላው ከፔሻዋር በሮስ እየተመራ ገባባቸው፤ በ1878 መጀመሪያም ለመገዛት ቃል ገቡ።

የጠመንጃው ሥራ መቼ እንደ ተጀመረ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣው ዘመን የ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ነው። የከተማዪቱ ሽማግሌዎች የሚተርኩት፣ ሰው ገድሎ ከፑንጃብ የሸሸ አንድ ጠመንጃ ሠሪ አፍሪዲዎችን ተማጽኖ ገብቶ፣ ጥገኝነት ለሰጡት ሰዎች ጥበቡን አስተማራቸው ብለው ነው። ተረቱ እውነትም ይሁን አይሁን ጠባዩ የሚያስገርም አይደለም፤ ከመንግሥት ሕግ የሸሸ ሰው የሚገባበት አገር መሆን የእንዲህ ያለው በር አንዱ ጠባይ ነውና። ከተረቱ ይልቅ ግን የዘመኑ ሁኔታ ያስረዳል። በ1893 የዱራንድ መስመር ተሠመረ፤ በ1897 አፍሪዲዎችና ኦራክዛዮች በኻይበርና በሳማና ተነሥተው እንግሊዞች ትልቅ ጦር ወደ ቲራህ አዘመቱ። በጦርነቱ መጨረሻ ሰር ዊልያም ሎክሃርት በአፍሪዲዎች ላይ የጣለው ቅጣት 50,000 ሩፒና ከኋላ የሚጐርሱ 800 ጠመንጃዎች ነበር። ጠመንጃ እንደ ገንዘብ የሚቈጠርበት፣ የሚጠፋውም የሚፈለገውም የበዛበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ለአዳም ኼሎች ደግሞ ሌላ በር ተከፍቶላቸው ነበር። ከአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች የተጣለው አሮጌ መሣሪያ ወደ ሙስካት ወደብ እየመጣ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ መክራን ዳርቻ ተሻግሮ፣ በግመል በአፍጋኒስታን በኩል እስከ ወሰኑ ነገዶች ይደርስ ነበር። በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይገባ የነበረውም ጠመንጃ የዚሁ የአሮጌ መሣሪያ ሽያጭ ሌላ ቅርንጫፍ ነበር። አዳም ኼሎች በዚህ ንግድ ብዙ ገንዘብ አግብተው ነበር። ከ1909 ጀምሮ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል የባሕር ሰላጤውን ሲዘጋው የከፈሉበት ጠመንጃ በሙስካት ቀረ። ይህን ጊዜ ያደረጉት ነገር የነገዱን አስተሳሰብ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ለደረሰባቸው ኪሳራ ካሣ ይሰጠን ብለው መንግሥትን ጠየቁ። የእንግሊዝ ሹማምንት ይህን እንደ ድፍረት ቈጠሩት። በአዳም ኼሎች አሳብ ግን መንገድ የዘጋ ሁሉ የመንገዱን ዋጋ ይከፍላል፤ ከ1849 ጀምሮ መንግሥት ራሱ ሲያስተምራቸው የኖረው ይኸው ነበር። ከውጭ የሚመጣው ከቆመ በኋላ በአገር የሚሠራው ገበያ አገኘ። እንግሊዞችም የደራን ሥራ እያወቁ የተዉት፣ የበሩ ጠመንጃ ከመንግሥት ጠመንጃ ጥራቱ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ነገዶቹም ይህን ከገዙ ከጦር ሰፈር የሚሰርቁት ይቀንሳል በማለት ነው ይባላል።

ሥራው በመጀመሪያ በእጅ ብቻ የሚከናወን ነበር። በወናፍ የሚነድ እሳት፣ መዶሻ፣ ሞርሳ፣ ሞረድና በእጅ የሚሽከረከር መብሻ ይበቃል። ብረቱ ከአሮጌ የባቡር ሐዲድና ከልዩ ልዩ ስብርባሪ ይገኝ ነበር። አንድ ሰው አንድን ጠመንጃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይሠራም፤ አንዱ አፈሙዙን ይበሳል፣ ሌላው በውስጡ ጠመዝማዛውን ቦይ ያወጣል፣ ሌላው ምላጩን ይሞርዳል፣ ሌላው ሰደፉን ከእንጨት ይጠርባል፤ በመጨረሻ ማኅተም የሚመታ አለ። የዚህ የማኅተም ነገር ለታሪክ ተመራማሪ የሚጠቅም ማስረጃ ነው። የእንግሊዝን ማርቲኒ ሄንሪ አስመስለው የሠሩት ጠመንጃ የእንግሊዝን ዘውድና የንግሥት ቪክቶሪያን ስም ምልክት ይይዛል፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን ብዙ ጊዜ ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1901 በኋላ ነው። የላቲን ፊደሎችም ተገልብጠው ይገኛሉ። ጠራቢው ፊደሉን የሚያየው እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ጌጥ ነበርና፣ የመሣሪያው ክፍል ሁሉ በጥንቃቄ ተለክቶ ሲቀዳ ስሕተቱ የተገኘው በጽሑፉ ላይ ብቻ ነው።

በፓሽቱን አገር በአጠቃላይ አንጥረኛ፣ አናጢና ሸማኔ መሬት የሌላቸው፣ በነገዱ ጥላ ሥር የሚኖሩ ጥገኞች ናቸው፤ «ሃምሳያ» ይባላሉ፤ ትርጉሙ በአንድ ጥላ ሥር ያለ ማለት ነው። የክብር ሰው በእጅ ሥራ አይኖርም። በደራ ግን ይህ ወሰን ላልቷል። አፍሪዲው ራሱ የሱቅና የወርክሾፕ ባለቤት ሆኗል፤ ብዙውም እጁን በሥራው አግብቷል። ነገዱ ይህን ለውጥ ያለ ብዙ ችግር የተቀበለው የሚሠራው ዕቃ ጠመንጃ በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም፤ ጠመንጃ ሠሪ ሲባል ከሸማኔ ጋራ አይቈጠርም።

የነገዱን ሕይወት የሚገዛው ልማድ «ፓሽቱንዋሊ» ይባላል። የውጭ ጸሓፊዎች ሦስቱን ሥርዐቶቹን፣ እንግዳ መቀበልን፣ በቀልንና የተማጸነን መጠበቅን ለየብቻ ዘርዝረው ማቅረብ ይወዳሉ፤ ነገር ግን ተያይዘው ካልታዩ ትርጉም የላቸውም። በቀል «በደል» ይባላል፤ በአማርኛ ከምናውቀው ቃል ጋራ በድምፅ ቢገጥምም ትርጉሙ በፓሽቶ «ልውጥ» ማለት ነው። ደም በደም፣ ስጦታም በስጦታ የሚለወጥበት አንድ ቃል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የቅርብ ባላንጣው ባዕድ ሳይሆን የአባቱ ወንድም ልጅ ነው፤ የአያትን መሬት እኩል የሚካፈለው እርሱ ነውና «ታርቡር» የሚለው የዝምድና ቃል ባላንጣ ማለትም ሆኗል። መንግሥት በሌለበት ይህ ጠብ ሁሉን እንዳይበላ የሚገታው «ናናዋቴ» ነው፤ ቃሉ «ገባ» ከማለት የመጣ ነው። ጥፋተኛው ወደ ተበደለው ሰው ቤት፣ አንዳንድ ጊዜ ቁርኣን አስይዞ ወይም የሚታረድ በግ እየነዳ ይገባል፤ የገባበትም ሰው አልቀበልም ሊለው አይችልም። መግባት ራስን ዝቅ ማድረግ ስለ ሆነ ግን ብዙ ሰው ከመግባት መሞትን ይመርጣል፤ ሥርዐቱ ያለ ሰው የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ነገሩ የጎሣ ሲሆን «ጂርጋ» ይቀመጣል። ጂርጋ ሰዎች ክብ ሠርተው መሬት ላይ የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው፤ ሊቀ መንበር የለውም፣ ድምፅም አይቈጠርም፤ ተቃዋሚው እስኪደክም ወይም እስኪስማማ ይነጋገራሉ። ሴቶች አይገቡበትም፤ ስለ እነርሱ የሚወሰነው እነርሱ በሌሉበት ነው፤ ይህም የሥርዐቱ ትልቅ ጉድለት ነው። ተኩስ ለማቆም ሲስማሙ «ድንጋይ ተቀመጠ» ይባላል። ድንጋዩን ያነሣ፣ ማለትም የማቆሚያውን ቃል ያፈረሰ፣ መቀጮ ይከፍላል፤ ካልከፈለም የነገዱ ጦር ወጥቶ ቤቱን ያቃጥላል።

የልማዱና የመንግሥት ሕግ ግጭት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በ1923 ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ከኮሃት ፖሊስ ጠመንጃዎች ተሰረቁ። የመንግሥት ጦር ሌሊት የቦስቲ ኼልን መንደር ከብቦ ፈተሸ፤ ጠመንጃዎቹም ተገኙ። በፍተሻው ጊዜ ሴቶች ተነኩ የሚል ወሬ ወጣ፤ እንግሊዞች ይህን ይክዳሉ። የተፈለገው ሰው አጃብ ኻን የተባለ የቦስቲ ኼል አፍሪዲ ነበር። የአፍሪዲ ትውፊት እንደሚለው እናቱ ስለ ተደፈረው የቤት ክብር ወቀሰችው፤ እርሱም ማለ። ኤፕሪል 14 ቀን 1923 ሌሊት ከጓደኞቹ ጋራ በኮሃት የጦር ሰፈር ወደ ሜጀር ኤሊስ ቤት ገባ፤ ሜጀሩ አልነበረም፤ ሚስቱ ስትጮኽ ተገደለች፤ የ17 ዓመት ልጃቸው ሞሊ ተወሰደች። ልጅቱን የያዙት ሰዎች ወደ ቲራህ ደጋ አሻግረዋት ከአንድ የሃይማኖት አባት ቤት አስጠጓት። መንግሥት ጦር ሊልክ አልደፈረም። የላካት ሊሊያን ስታር የተባለች በፔሻዋር የሚሲዮን ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ነበረች፤ የዚህች ሴት ባል፣ ሐኪሙ ሃሮልድ ስታር፣ በ1918 በዚያው በፔሻዋር በወሰን ሰዎች እጅ ተገድሎ ነበር። በነገዱ አገር የተከበሩ የመንግሥት ወዳጆች አብረዋት ሄደው ከድርድር በኋላ ልጅቱ በሕይወት፣ ክብሯም ሳይነካ ተመለሰች።

የእንግሊዝ ጋዜጦች በዚህ ውስጥ ያዩት አረመኔነትንና የአንዲትን ነርስ ጀግንነት ነው። በአፍሪዲዎች ዘንድ አጃብ ኻን የዘፈንና የፊልም ጀግና ሆኗል። ሁለቱም አነጋገሮች የሚተዉት ነገር አለ። አጃብ ኻን በነገዱም ሕግ ቢሆን ሴት በመግደሉ ጥፋተኛ ነበር፤ ሴትን ከበቀል ውጭ ማድረግ የፓሽቱንዋሊ ደንብ ነውና። በሌላ በኩል መንግሥት ያደረገው የቤት ፍተሻ በመንግሥት ሕግ ሥራ ቢሆንም በነገዱ ሕግ ጥቃት ነበር። በመጨረሻ አፍሪዲዎችና ኦራክዛዮች በጂርጋ ተቀምጠው እነዚያን ሰዎች ከአገራቸው ለማባረር ለመንግሥት ቃል ገቡ፤ አጃብ ኻንም ወደ አፍጋኒስታን ተሰዶ በሰሜኑ ክፍል ኖረ። ሞሊ ኤሊስ በእርጅናዋ፣ በ1983፣ ኮሃትን ተመልሳ አይታለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚሠራው ሕግ በ1901 የወጣው የወሰን ወንጀሎች ደንብ ነበር። ደንቡ ጂርጋን የመንግሥት መሣሪያ አደረገው፤ በአንድ ሰው ጥፋትም ጎሣውን በሙሉ ለማሰርና ንብረቱን ለመያዝ ፈቀደ። የኒካት ሥርዐት ጥፋትንም ትርፍንም ለሁሉ ያካፍል ስለ ነበር፣ የእንግሊዝ ሕግ ዐዋቂዎች ይህን ከልማዱ የወሰድነው ነው ይሉ ነበር። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ በልማዱ ጎሣው ራሱ ይፈርዳል፣ በደንቡ የሚፈርደው የኮሃት አስተዳዳሪ ነው፤ ይግባኝ የሚባልበትም ፍርድ ቤት አልነበረም። ፓኪስታን በ1947 ስትቋቋም ጦሯን ከነገዶቹ አገር አወጣች፤ ደንቡን ግን እንደ ነበረ አቈየችው። የመንግሥት ሕግ በአውራ መንገዱና በዳሩ ላይ ብቻ ሲሠራ፣ ከመንገዱ ወጣ ያለ ሰው በልማድ አገር ነበር። በነዚህ ነገዶች አገር ተራው ሰው የመምረጥ መብት ያገኘው በ1996 መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚመርጡት መንግሥት የሚያውቃቸው ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ።

ከ1979 በኋላ የአፍጋኒስታን ጦርነት የደራን ገበያ በአንድ በኩል አበለጸገው፣ በሌላም በኩል አጠፋው፤ ክላሽንኮቭ በብዛት ሲገባ ማርቲኒ ሄንሪን የሚፈልግ ቀረ፤ ሠሪዎቹም አዲሱን መሣሪያ መቅዳት ተማሩ። በ2003 በጃፓን እርዳታ የተሠራው 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የኮሃት ዋሻ መንገድ ተከፍቶ የተራራውን አናት አስቀረ። በጃንዋሪ 2008 የፓኪስታን ታሊባኖች ዋሻውን ያዙ፤ መንግሥትም በጦር አስለቀቃቸው። ማርች 2 ቀን 2008 የአዳም ኼል ሽማግሌዎች ስለ ሰላም ሊመክሩ ተሰብስበው በተቀመጡበት አንድ ሰው ራሱን ከነፈንጂው አፈንድቶ 40 ያህል ሰዎች ሞቱ። ጂርጋ በተቀመጠበት ጊዜ ጠላቶች እንኳ ተኩስ የሚያቆሙበት አገር ነበር። ኖቬምበር 5 ቀን 2010 ደግሞ በአኾርዋል በጁምዐ ሶላት ላይ በደረሰ ፍንዳታ ከ60 በላይ ሰዎች አለቁ። በዚህ ዘመን የጠፉት ሽማግሌዎች የኒካትን ቈጠራና የድሮ ዕርቆችን በቃላቸው የያዙ ሰዎች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል፤ የተጻፈ መዝገብ የሌለው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚያጣው ይህን ያህል ነው።

በሜይ 2018 የፓኪስታን ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ የነገዶቹ አገር ከኻይበር ፓኽቱንኽዋ ክፍለ አገር ጋራ ተቀላቀለ፤ የ1901 ደንብም ተሻረ። ደራ አዳም ኼልም በኮሃት አውራጃ ሥር ገባች፤ ፖሊስና ፍርድ ቤት መጡ፤ በ2019ም ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ለክፍለ አገሩ ምክር ቤት እንደራሴ መረጠ። ደንቡ በመሻሩ ያዘነ ብዙ ሰው የለም። ጥያቄ የሆነው ደንቡ ተጠግቶበት የኖረው ልማድ ነው።

ጥያቄውን ከባድ ያደረገው ጠመንጃው ሳይሆን ከተራራው ሥር የወጣው የድንጋይ ከሰል ነው። ከሰል የሌለው ደረቅ ተራራ የፍየል መሰማሪያ ብቻ ስለ ነበር በጎሣና በጎሣ መካከል ያለው ወሰን በትክክል ተለይቶ አያውቅም፤ መለየቱም አላስፈለገም። ከሰሉ ሲገኝ ግን እያንዳንዱ ገደል ዋጋ አወጣ። በሜይ 2023 በደራ በሁለት ጎሣዎች መካከል በከሰል ማውጫ ወሰን ምክንያት በተነሣ ተኩስ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ። ኒካት ሰዎችን በአባት ቈጥሮ የሚያካፍል ሥርዐት ነው፤ መሬትን በመስመር አይለይም። የማዕድን ፈቃድ ደግሞ መስመርን እንጂ አባትን አያውቅም። ፍርድ ቤቱ የትኛውን ማስረጃ እንደሚቀበል፣ የሽማግሌዎችን ቃል ወይስ ካርታውን፣ ገና በየክርክሩ የሚወሰን ጉዳይ ነው።